የጋዝ ፋብሪካውን በር የቆለፈው ኢኖክ

ኢኖክ ኦርመሮድ ቅንድብ አልነበረውም። ገና በጎረምሳነቱ የጋዝ ፋብሪካው እሳት ለብልቦት ስለነበር ተመልሶ አልበቀለም። በዚህ የተነሳ ለማያውቀው ሰው ሁልጊዜ አንዳች ነገር ያስገረመው ይመስል ነበር። ሚስቱ ኬዛያ ግን፣ «የኔ ባል ንዴቱ የሚታወቀው በጆሮው ነው፤ ጆሮው ሲቀላ ካየሽ ሳህኑን ከፊቱ አንሺ» ትል ነበር።

እኔ የሩበን ቶርፕ ልጅ ነኝ። አባቴና ኢኖክ ከሰል እያጋለ የከተማችንን መብራት ጋዝ በሚያወጣው በሆልደንሾ ጋዝ ፋብሪካ በአንድ ምድጃ ፊት ጎን ለጎን ቆመው ከሰል ሲያጎርሱ ነው ጉልምስናቸውን የጨረሱት። ቤታችንና ቤታቸው ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ስለነበሩ እነሱ ሲጣሉ እኛ እንሰማለን፤ እኛ ስንጣላ እነሱ ይሰማሉ። ስለ ኢኖክ የማወራው ገሚሱን በዓይኔ አይቼ፣ ገሚሱን በግድግዳው በኩል ሰምቼ፣ የቀረውን ደግሞ አባቴ አውግቶኝ ነው።

ኢኖክ የተወለደው ጀልባ ላይ ነው። አባቱ ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው የጀልባ ቦይ ላይ ከሰል የሚያመላልስ ጀልበኛ ነበር። እናቱ በንዳድ ስትሞትበት፣ ጀልባ ላይ ሕፃን ማሳደግ ስላልሆነለት ለእህቱ ሰጠውና ሄደ። አክስቲቱ ሳቅ የማታውቅ፣ ከጸሎት ቤት የማትቀር ሴት ነበረች። በአዘቦት ቀን ጡብ ከሚሠራበት ሜዳ ጭቃ እንዲሸከም ሰደደችው፤ በሰንበት ደግሞ ጸሎት ቤት አስቀምጣ ፊደል አስቆጠረችው። ኢኖክ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ጋዜጣ የሚያነበው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። አባቴ፣ «ጋዜጣውን እያኘክ ነው የምታነበው?» ይለዋል። «አኝኬ ካልዋጥኩት አይፈጭልኝም» ይላል እሱም።

በዚያን ጊዜ የምድጃ ሠራተኛ ከማለዳ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆም ነበር። የቀኑና የሌሊቱ ተረኛ በሚቀያየሩበት እሑድ ደግሞ አንደኛው ወገን ቀኑንም ሌሊቱንም አይወጣም። እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ያቺን ቀን «የመበለት እሑድ» ይሏት ነበር። ስሟም አንድ ጊዜ እውነት ሆነ። ኤሞስ ፒሊንግ የሚባል ጸጥተኛ ሰው፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ሠርቶ ሊነጋጋ ሲል፣ አካፋውን እንደያዘ ቆሞ እንቅልፍ ጣለው። ከምድጃው በተጠረገው ፍም ላይ በግንባሩ ተደፋ። አባቴና ኢኖክ ጎትተው አወጡት፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠየቅ፣ «ሰውየው ጠጥቶ ነበር» አለ። ኤሞስ ደግሞ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ በጸሎት ቤታችን የመጠጥ ተቃዋሚዎች ሰልፍ ላይ ባንዲራውን የሚይዘው እሱ ነበር።

የኢኖክ ጆሮ ያን ቀን ቀልቶ ዋለ ይላል አባቴ።

ሠራተኞቹ ለመሰብሰብ ተነሱ፤ ነገር ግን መጠጥ ቤቶቹ ሁሉ አዳራሽ ከለከሏቸው። ስለዚህ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ያለ ሜዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ሽታ እያለ፣ ተሰበሰቡ። አፈኛው አባቴ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ተናገረ፤ ስለ ፈርዖንና ስለ እስራኤል ልጆች ሳይቀር አወራ። ከዚያ ኢኖክን ሳጥን ላይ አወጡት። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ የከረመው ንግግር አንዱም ትዝ አላለው።

«ወንድሞች» አለ። «ደክሞኛል። እናንተስ አልደከማችሁም?»

«ሞተናል እንጂ!» አለ አንዱ።

«እንግዲያው በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንሥራ ብለን እንጠይቅ» ብሎ ወረደ።

አባቴ ክንዱን ያዘው። «በቃ? ለዚች ነው ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳውን እያናገርክ እንቅልፍ የነሳኸን?»

«ሌላውን አንተ ጨረስከው እኮ! ፈርዖንንም አልተውክልኝ።»

ማኅበሩ በዚያ ሜዳ ላይ ተቋቋመ። ጸሐፊ ይመረጥ ሲባል ሁሉም ኢኖክን አሉ። ንግግር አያበዛብንም ብለው ነው።

የጋዝ ፋብሪካው የከተማው ምክር ቤት ንብረት ነበር። ከንቲባው ሚስተር ፊልዲንግ ደግሞ እኔና ኬዛያ በሸማኔነት የምንሠራበት የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በገዛ ፈቃዳቸው ያልሰጡት ነገር ሁሉ ከእጃቸው የተነጠቀ ይመስላቸው ነበር። የማኅበሩ መልእክተኞች ፊታቸው ሲቀርቡ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ጠየቁ።

«ስምንት ሰዓት ሠርታችሁ በቀረው ጊዜ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ልጆቻችን ማንን እንደሚመስሉ እናያለን፣ ጌታዬ» አለ ኢኖክ።

ከንቲባው አልሳቁም። ጥያቄው ተቀባይነት አጣ፤ ሰዎቹም አካፋቸውን አስቀምጠው ወጡ። ክረምቱ በረዶውን ማውረድ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ምክር ቤቱ ወዲያው ከሩቅ ገጠር ሰዎች በባቡር አስመጣና በፖሊስ አጅቦ ፋብሪካው ውስጥ አስገባቸው። አልጋ ተዘረጋላቸው፤ ሥጋና ቢራ ቀረበላቸው። የኛ ሰዎች ውጪ በረዶ ላይ ቆመው የሚጠበሰውን ሥጋ ያሸታሉ።

ያን ጊዜ ኬዛያ የሰፈሩን ሴቶች ይዛ ከአጥሩ ሥር ቆመች። ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሰው በማሽኑ ጩኸት ላይ መናገር ስለለመደ ድምጿ አጥር አያግደውም።

«እናንተ ከዚያ ወዲያ ያላችሁ! የማንን እንጀራ ነጥቃችሁ እንደምትበሉ ታውቃላችሁ?»

ከአጥሩ ላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። «እማማ፣ ሥራ ሞልቷል ብለው ነው ያመጡን። አድማ አለ ያለን የለም።»

«እማማ ይበልህ! ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም! ውጣና ፊቴን አይተህ ተናገር!»

ከአጥሩ ወዲያም ወዲህም ሳቅ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ከመጡት ሰዎች የሚበዙት በአጥሩ ላይ ዘለው ወጡ። ሴቶቹም ትኩስ ሻይ አጠጥተው፣ እየዘፈኑ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኟቸው። የቀሩት ሥራውን አያውቁትም፤ ምድጃው ቀዘቀዘ፤ የከተማው መብራት እየቀጨጨ ሄደ። የጥጥ ፋብሪካዎቹ በጨለማ መሥራት አቅቷቸው ሲዘጉ፣ ምክር ቤቱ ስምንት ሰዓቱን ፈቀደ። ፈቀደና አንድ ነገር ጨመረበት፦ ሁሉም ይመለሱ፣ ኢኖክ ኦርመሮድ ግን አይመለስም።

«ኢኖክ ካልገባ ማናችንም አንገባም» አለ አባቴ፤ ሌሎቹም አብረው ጮኹ።

«ስምንት ሰዓቱን የጠየቅነው ለኔ ነው ወይስ ለምድጃው?» አለ ኢኖክ። «አግኝታችኋል፤ ግቡ!»

«አንተስ ምን ልትበላ?»

«እሱን ኬዛያን ጠይቃት።»

ኬዛያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አተር!» አለች።

እንዳለችውም ሆነ። እሷ ጥቁር አተር ትቀቅላለች፤ እሱ ገበያው ጥግ ጋሪ አቁሞ ኮምጣጤ እየጨመረ በትንንሽ ሳህን ይሸጣል። ጋሪው ከአተር መሸጫነት ይልቅ የማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ። ባሏ የተጎዳባት፣ የቤት አከራይ ያስቸገረው፣ ልጁ ያለ በደሉ ከሥራ የተባረረበት፣ ሁሉም አተር የሚበላ መስሎ ይመጣል። ኢኖክ ጭልፋውን እንደያዘ ያዳምጣል። «ነገ አሠሪህ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» ይላል፤ ይሄዳልም። ብዙ ጊዜ አባረውታል። ግን እንደ ጉንፋን ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

ዓመታት አለፉና የሰፈራችን ሰዎች ለምክር ቤት ተወዳደር አሉት። ተቃዋሚዎቹ እንደ ኢኖክ ጢም ያለው አተር አሥለው በየግድግዳው ለጠፉበት። ኬዛያ አንዱን ገንጥላ አመጣችና ጋሪው ላይ ለጠፈችው። «ማስታወቂያ በነፃ ማን ይሰጣል!» አለች። ኢኖክ ተመረጠ። መጀመሪያ ቀን ምክር ቤት የገባው የአባቴን ኮት ተውሶ ነው። አባቴ አጭር ስለነበር እጅጌው የኢኖክ ክንድ ግማሽ ላይ ቀረ።

በዚያ ስብሰባ የተናገረው ይቺን ነው፦ «የሰፈራችን የጓሮ መንገዶች መብራት የላቸውም። ጋዙን የምናወጣው እኛ ነን፤ በጨለማ እየተደነቃቀፍን የምንሄደውም እኛ ነን።»

«ድሃ በጊዜ ይተኛል፤ መብራት ምን ያደርግለታል?» አለ አንዱ የምክር ቤት አባል።

ኢኖክ አልተከራከረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቶ ያንኑ ቃል በቃል ደገመው። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በኋላም። በመጨረሻ ገና ከወንበሩ ሲነሳ ሌሎቹ መቃተት ይጀምሩ ነበር። መስማቱ ሲሰለቻቸው መብራቱን ፈቀዱ። በመንገዳችን ላይ የመጀመሪያው ፋኖስ የበራ ዕለት እናቴ ሹራቧን ይዛ ወጥታ፣ ከፋኖሱ ሥር ቆማ ስትሠራ አመሸች።

እንዲህ እንዲህ እያለ የምክር ቤቱ የጋዝ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ሐሳቡን ያመጡት ሚስተር ፊልዲንግ ናቸው፤ አሁንም ከንቲባ ነበሩ፣ ሸብተው። «ኃላፊነት ይቅመስና እናየዋለን» አሉ ይባላል። ያባረረው ፋብሪካ አሁን በእሱ እጅ ሆነ። ሰፈራችን ደስታውን አልቻለውም። አባቴ ብቻ፣ «የዶሮ ጠበቃ ከቀበሮ ማኅበር ሲገባ ጥሩ ነው፤ እስኪርበው ድረስ» አለ፤ እየሳቀ ነው ያለው።

ክፉ ቀን የመጣው በማሽኑ ነው። ሌላ ከተማ ውስጥ ከሰሉን በራሱ ወደ ምድጃው የሚወረውር ማሽን ገብቷል ተባለ፤ ምክር ቤቱም ሊገዛ ተነሳ። ኢኖክ ሄዶ አየውና ደግፎ መጣ። ያን ቀን ኩሽናችን ገብቶ ተቀመጠ። እናቴ በሽንኩርት የተቀቀለ ጨጓራ አቅርባ ነበር።

«ሩበን፣ እሳቱ ፊት የሚቆም ሰው አይኖርም። እንደ ኤሞስ የሚቃጠል፣ እንደኔ ቅንድቡ የሚበላ አይኖርም።»

«ሰውም አይኖርማ» አለ አባቴ። «አንድ ማሽን የስንት ሰው ሥራ ይበላል?»

«ማንም አይባረርም። ወደ ቧንቧና ወደ መንገድ መብራት ሥራ እናዛውራቸዋለን። ቃል ገብተውልኛል።»

«እነማን?»

ኢኖክ ጨጓራውን በሹካው ገለባበጠ።

«ፊልዲንግ? አንተ ሰው፣ ያ ወንበር አሞኝቶሃል! ወገብህ ሳይሰበር በረሃብ ብትሞት ምን ልዩነት አለው?»

«ወገብ መሰበሩንማ አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ልጆችህ ይወቁት ትላለህ?»

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። «ኮቴን መልስልኝ» አለ። ኮቱ ከተመለሰ ስንት ዓመት ሆኖታል። ኢኖክ ተነስቶ ወጣ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

አባቴ እንደፈራው ሆነ። ማሽኖቹ ከተተከሉ በኋላ ምክር ቤቱ ቃሉን አጠፈ፤ ጎልማሶቹ ይሰናበቱ ተባለ። ሠራተኞቹ በአባቴ መሪነት አድማ መቱ። ምክር ቤቱ እንደ ድሮው ከሌላ አገር ሰው በባቡር ለማስመጣት ተሰበሰበ። ኢኖክ ተነስቶ፣ «ያኔ በረዶው ላይ ከቆሙት አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬ በኔ ስም እንዲህ አይደረግም» አላቸው።

«ሚስተር ኦርመሮድ፣ አሁን እኮ አሠሪው እርስዎ ነዎት» አሉ ከንቲባው።

ድምፅ ተሰጠና ተሸነፈ። ሰዎቹ በማግስቱ በቀትር ባቡር እንደሚመጡ ተወሰነ።

በማግስቱ እኔም ከፋብሪካው በር ፊት ነበርኩ፤ ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄጄ። ኢኖክ በዝናብ ውስጥ ብቻውን እየተራመደ መጣ። ከተሰበሰበው ሰው ጩኸት ተነሳ።

«ከጌቶች ጋር ሻይ የምትጠጣ!»

«አተርህን ሽጥ፤ እኛን አትሽጥ!»

ከመሀል አንዱ ከሰል ወረወረና ግንባሩን ፈነከተው። እሱ አልቆመም። ወደ ዘበኛው ሄዶ ቁልፉን ተቀበለ፤ ትልቁን የብረት በር ዘግቶ ቆለፈው። ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ፣ የሚያግደው ቅንድብ ስለሌለው፣ አላስችለኝ ብሎ ሄጄ በሻርፔ ጠረግሁለት። «አባትሽ ያይሻል» አለኝ። «ይየኝ» አልኩት። አባቴ አየን። ወደ ኋላው ዞሮም የወረወረውን ሰው አንገቱን አንቆ ከመሀል አወጣው። ወደ ኢኖክ ግን አልመጣም።

የመጡት ሰዎች በፖሊስ ታጅበው ደረሱ። የፖሊሶቹ አለቃ ፂሙ ላይ ዝናብ የሚንጠባጠብ ወፍራም ሰው ነበር።

«ሚስተር ኦርመሮድ፣ በሩን ይክፈቱ።»

«ማን አዘዘ?»

«ምክር ቤቱ።»

«የጋዝ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ክፈቱ አላልኩም።»

አለቃው አገጩን አሻሸ። «በሩን ብሰብር የርስዎ በር ነው። እርስዎን ባስር፣ ተበዳዩም እርስዎ በዳዩም እርስዎ። ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ነው የከተቱኝ?»

አድመኞቹ መጀመሪያ ሊስቁ አልፈለጉም፤ ግን አልቻሉም። የመጡት ሰዎች ራሳቸው መሳቅ ጀመሩ። ኢኖክ ወደ እነሱ ዞሮ፣ «ወንድሞች፣ ጸሎት ቤታችን ውስጥ የሚሞቅ እሳት ነዷል፤ ሚስቴ ሻይ አፍልታለች። ልብሳችሁን አድርቁና በማታው ባቡር ተመለሱ» አላቸው። እርስ በርስ ተያዩና ተከተሉት።

ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ከሰብሳቢነቱ ሻረው። ነገር ግን ሌላ ሰብሳቢ እስኪሾም፣ ሌሎች ሠራተኞች በባቡር እስኪመጡ፣ ጋዙ ጠፍቶ የሆስፒታሉ መብራት ሲደክም ከተማው ሁሉ ጮኸባቸው። ስምምነት ተደረገ። ጎልማሶቹ ወደ ቧንቧና ወደ መንገድ መብራት ሥራ ይዛወሩ ተባለ፤ ኢኖክ መጀመሪያ እንዳለው ማለት ነው። «ነገር ጫሪ» የተባሉ ጥቂቶች ግን አይመለሱም። አንዱ አባቴ ነበር።

አባቴ ከቦዩ ዳር ጀልባ ማራገፍ ጀመረ፤ ለዕድሜው የማይሆን ሥራ ነው። ከኢኖክ ጋር መነጋገር ተወ። «ወንበሩ ላይ ቢቆይ እኔን ያስገባኝ ነበር» ይላል። «በሩ ላይ ጀግና መሆኑ ለኔ ምን ፈየደልኝ?» ይህን የሚለው ሆን ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ጮክ ብሎ ነው። አንድ ምሽት ከወዲያ በኩል የኢኖክን ድምፅ ሰማሁ።

«እውነቱን ነው እኮ፣ ኬዛያ። ወንበሩን ባልለቅ ሩበንን አስገባው ነበር።»

«ወንበሩን ባትለቅ በሩም አይቆለፍ ነበር። ተኛ አሁን።»

በቀጣዩ ምርጫ ኢኖክ ወደቀ። ባለሱቆቹ በጨለማ አስቀመጠን ብለው፣ ከሠራተኞቹም ገሚሱ በማሽኑ ቂም ይዘው አልመረጡትም። ወደ ጋሪው ተመለሰ። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ ግን አተሩን አብዝቶ ኮምጣጤ ይጨምርበት ስለነበር ሰው ሁሉ አዝኗል ይል ነበር።

እንደገና ምርጫ ሲመጣ እንደገና ተወዳደረ። በምርጫው ዕለት ከሥራ ስመለስ አባቴ ካፖርቱን ደርቦ በመንገዳችን ያለውን በር ሁሉ ሲያንኳኳ አገኘሁት።

«ለኦርመሮድ ድምፅ ሰጥተሃል? ጫማህን አድርግ፤ ሳይዘጋ ሂድ!»

«አባባ፣ ታርቃችሁ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«ድምፅ እሰጠዋለሁ አልኩ እንጂ አነጋግረዋለሁ አልኩ? አላየሽም እንዴ በሩ ላይ ሲቆም! ሌላ ማንን ልምረጥ፣ ፊልዲንግን?» ብሎ ቀጣዩን በር ደበደበ።

ኢኖክ ተመረጠ። ሁለቱ ግን በመንገድ ሲተላለፉ አሁንም አንዱ ሰማይ፣ አንዱ መሬት ያያል። ይህን የቆረጠችው ኬዛያ ናት። አንድ ቅዳሜ ሳታንኳኳ ገባችና አባቴ ፊት ቆመች።

«ሩበን ቶርፕ፣ ተነሳ።»

«ምን ሆነ? ታመመ?»

«ቢታመም ይሻለኝ ነበር። የሚሟገተው ሰው ስላጣ ከኔ ጋር ይሟገታል፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ስለማሸንፈው ያኮርፋል። ና ተሟገተውና አሳርፈኝ።»

አባቴ እናቴን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አነሳ። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ወዲያ፣ «ማሽኑን ያመጣኸው አንተ ነህ!» «አዎ፣ ደግሞም አመጣዋለሁ!» የሚል ጩኸት ሰማን። እናቴ ሹራቧን እየሠራች ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተሟገቱ፤ በማሽኑ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ኢኖክ ለምድጃ ሠራተኞቹ ገላ መታጠቢያ ቤት አሠራላቸው። ሌላም ብዙ ነገር ሞክሮ ያልተሳካለት አለ፤ ለድሆች ቤት ለመሥራት ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስቴም ወድቆበታል። ሳንባው ከድሮው ጭስ የተነሳ እየተበላ ሄዶ፣ በአንድ የፀደይ ሰሞን፣ የምክር ቤት አባል እንደሆነ አረፈ። የሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ወጣቶችም አብረዋቸው ነበሩ። አባቴ ከፊት በስተቀኝ ያዘ። ሚስተር ፊልዲንግ በእርጅናቸው በምርኩዝ መጥተው ከኋላ ቆሙ፤ ኬዛያ ራሷ ሄዳ ወንበር አቀረበችላቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴት ለከተማ ምክር ቤት መወዳደር ትችላለች ተባለ። ኬዛያ ተወዳደረችና ወደቀች። እንደገና ተወዳድራ ገባች። መጀመሪያ የጠየቀችው የመታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውኃ አርብ አርብ ለሸማኔ ሴቶች እንዲከፈት ነበር። አሁን አርብ ከሥራ ስንወጣ ፎጣችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ወረፋው ረጅም ነው።